ደመና ውስጥ ማንበብ

በመሣሪያ ብቻ መብረር እስክጀምር ድረስ ራሴን ደህና አብራሪ አድርጌ እቆጥር ነበር። ሰማዩ በጠራ ቀን አባይን ተሻግሬ የጎጃምን ደጋ ከላይ ሳየው የጤፉን ማሳ፣ የባሕር ዛፉን ተርታ፣ የቤቱን ቆርቆሮ እየለየሁ መንገዴን አገኛለሁ። እኛ ተማሪዎቹ «ኢንስትሩመንት» የምንለው ሥልጠና ግን ይህን ሁሉ ይነጥቅሃል። ሰፊ ክፈፍ ያለው ቆብ ግንባርህ ላይ ይደፉብህና ከፊትህ ከተደረደሩት መሣሪያዎች በቀር ምንም እንዳታይ ያደርጉሃል። ክረምት ሲገባ ቆቡም አያስፈልግም፤ ደመናው ይበቃል።

አስተማሪዬ የጉንደ ወይን ተወላጅ የሆኑ ሴት ካፒቴን ነበሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ቀልዳቸው ግን ያቃጥላል። እኔ መሪውን ይዤ ላብ በላብ ስሆን እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ግዴለሽነት መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስተውል ዓይናቸው ከመሣሪያዎቹ ላይ ለአፍታም አይነቀልም። እጃቸውን የሚሰበስቡት እኔ ራሴ እንድሳሳት፣ ራሴም እንዳርም ብለው ነው። ሌላ ሰው ሲሳሳት እያዩ እጅን መሰብሰብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ በበኩሌ እንደሳቸው ራሱን የሚገዛ ሰው አላጋጠመኝም።

ደንባቸው አንድ ነበር፤ መሣሪያዎቹን በየተራ ጮክ ብሎ ማንበብ። ይሄ ለእኔ ሠርግና ምላሽ ሆነ። ዲማ ውስጥ የቄስ ትምህርት ቤት ያደግሁ ልጅ ጮክ ብሎ ማንበብ ይቸግረኛል? «ከፍታ ልክ፣ አቅጣጫ ልክ፣ ፍጥነት ልክ» እያልኩ አወርደዋለሁ። ድምፄ ለራሴም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ረፋድ ደመና ውስጥ ሆነን «ከፍታ ልክ» ከማለቴ እጃቸው ድንገት መጥቶ መሪውን ሳበው። ለካ እየወረድን ኖሯል። አርፈን ከአውሮፕላኑ ወረድን።

«ፊደል የት ነው የቆጠርከው?» አሉኝ ወደ ቢሮ እየሄድን።

«ዲማ፣ የኔታ ዘንድ።»

«ገባኝ። ዳዊቱን በቃልህ ትለዋለህ፣ ጣትህ ግን ሌላ መስመር ላይ ነው።»

ክው አልኩ። የቄስ ተማሪ የነበረ ሁሉ ይህቺን ያውቃታል። ልጅ ንባቡን ከጓደኞቹ በጆሮው ይለቅምና ዓይኑ ሳያይ አፉ ይወጣዋል። የኔታም ሲነቁበት ከገጹ መሀል አንዷን ቃል በስንደዶ ይነኩና «ይቺን በል» ይሉታል። ያኔ ጉዱ ይፈላል።

«እኔም አባቴ ዳዊት ሲያስተምሩኝ እንዲሁ አጭበርብሬያለሁ» አሉ ካፒቴኗ። «ዳዊቱን በቃልህ ብትለው ማንም አይሞትም። ይሄ ግን ይገድላል። ከእኔ ጋር የቀረህ አንድ በረራ ነው። ለፈተና ላቅርብህ ወይስ ይቅርብህ ልበል፣ የዚያን ቀን እወስናለሁ።»

የዚያን ሳምንት በየቀኑ ቆሞ የሚውል አውሮፕላን ውስጥ አስቀምጠው እንደ የኔታ ከመሀል ጠየቁኝ። ጣታቸው ያረፈበትን ብቻ አነባለሁ፤ ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ አላውቅም። «ልክ» የምትለዋን ቃል ጨርሰው ከለከሉኝ። «ልክነቱን እኔ እፈርዳለሁ፣ አንተ ያየኸውን ቁጥር ተናገር» ይሉኛል። መማረሬ አልቀረም። ግን ሞተሩ በጠፋ አውሮፕላን ውስጥ ከእኔ ጋር ፀሐይ ሲበላቸው የሚውሉት በማንም ትእዛዝ አልነበረም።

የመጨረሻው በረራ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆነ። እናቴ ዛሬ የምትኖረው እዚያ ነው። ደወልኩላትና ነገ ረፋድ ላይ አርፋለሁ አልኳት። እሷም በባጃጅ ሄዳ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ውጭ እንደምትጠብቀኝ ነገረችኝ። ስበር አይታኝ አታውቅም።

አባይን እንደተሻገርን ደመናው ዋጠን። አነበብኩ። ቁጥሩን ስናገር ድምፄ እንደ ድሮው አያምርም፣ ይቆራረጣል። ቀስ እያልን ወረድን። ማኮብኮቢያው ካልታየ ከዚያ በታች መውረድ የማይፈቀድበት ከፍታ አለ፤ እሱ ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ በመስታወቱ አየሁ። ነጭ ነው። ማኮብኮቢያው ፊት ለፊቴ እንዳለ አውቃለሁ፤ አካባቢውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። እናቴ እዚያ ቆማለች። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ዝቅ ብል ይገለጥልኛል አለኝ ልቤ፤ እጄም መውረድ ፈለገ። የካፒቴኗ እጆች ጭናቸው ላይ ናቸው።

ከፍታውን በቁጥር ተናገርኩ። «ማኮብኮቢያው አይታይም» አልኩ። ከዚያ ለሞተሮቹ ሙሉ ጉልበት ሰጥቼ አፍንጫውን ቀና አደረግሁት። ዞረን እንደገና ሞከርን፤ ያው ነጭ ነው። ወደመጣንበት ተመለስን። በመንገድ ላይ ዓይኔ እንባ እያቀረረ መሣሪያዎቹን ማንበብ እንዳያስቸግረኝ ፈርቼ ነበር።

እንዳረፍን እናቴ ደወለች። «ድምፁን ሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ ከላያችን መጥቶ ሄደ። አንተ ነበርክ?» አለችኝ።

«እኔ ነበርኩ እማዬ። ደመናው ከለከለኝ።»

«አጥሩን ይዤ እስካሁን ቆሜያለሁ እኮ።»

ካፒቴኗ አጠገቤ ነበሩና ሰሙ። እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉኝ። «እናቴ፣ እኔ አስተማሪው ነኝ። ለፈተና አቀርበዋለሁ» አሏት። እናቴ የመለሰችላቸውን አልሰማሁም። ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«እናትህ እዚያ እንደቆሙ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ አውቅ ነበር።»

እናቴ እንዳትሰማ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«እኔ በአንተ ዕድሜ ብሆን ከዚያ ከፍታ በታች እወርድ ነበር» አሉ። ስልኩንም መለሱልኝና እናቴን በደንብ እንዳናግራት ራቅ ብለው ቆሙ።