የአባባ ቀበቶና የእህቴ ቼሎ

እህቴ ቼሎ ትጫወታለች። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሰው «ምን?» ይለኛል፤ እኔም «ቫዮሊን አድጎ ጎረምሳ ሲሆን» ብዬ ነገሩን አሳጥረዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የቼሎውን ጥቁር ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለሰው የሰፋሁት ኮት ሁሉ እንደዚያ ልክክ ቢልልኝ ዛሬ የት በደረስኩ። ሰፈሩ ግን ሥራዬን አላደነቀም። እህቴን «ባለ ሳጥኗ» ብሎ ሰየማት፤ ስታልፍም ሬሳ የተሸከመች ይመስል መንገድ ይለቅላታል።

አሥራ አንድ ዓመት ክላሲካል ተማረች። ከዚያ አንድ ቀን ጃዝ ሰማችና አለቀላት። እማዬ በነገሩ አልተከፋችም፤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብላ መረቀቻት። ባላዎቹ ግን ሁለቱም አልተተከሉም። ኦርኬስትራው «ጃዝ ጣትሽን አበላሽቶታል» አላት። የጃዝ ባንዱ መሪ ደግሞ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጣት በኋላ «ጥሩ ነው፤ ግን ቤዝ ጊታር አለን» አላት። እህቴ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች።

በዚህ ጊዜ ነው የሙያ አማካሪ ዘንድ የሄደችው። ሰውየው ራሱ በምን ሙያ እንደኖረ የሚያውቅ የለም፤ ምክር ግን ሞልቶታል።

«ዛሬ ሙዚቃ የሚሰማ የለም፤ ሰው የሚፈልገው ታሪክ ነው» አላት። «ያንቺ ታሪክ ምንድን ነው?»

«ቼሎ እጫወታለሁ።»

«እሱማ ዕቃ ነው።»

ከዚያ ፎቶ አንሺ አዘዘባት። ቼሎዋን ታቅፋ ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ቼሎዋን ታቅፋ ሰገነት ላይ፣ ቼሎዋን ታቅፋ በፈረሰ ቤት በር ላይ ተነሳች። በአንዱም ፎቶ ስትጫወት አትታይም። ዕቃውን የተሸከምኩት እኔ ስለነበርኩ ወገቤ እስከ ዛሬ ያንን ምክር ያስታውሰዋል።

አጎታችን በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው። አንድ እሁድ መጥቶ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ። በክፍሉ አንድ ቦታ ተለቆ ኖሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊይዝላት ቃል ገባ። እማዬም ቆረጠች፤ እስከዚያ ቋሚ ሥራ የሚያስፈርማት ካልተገኘ ቼሎው ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ እህቴም ቢሮ ትገባለች። እህቴን የግራ እጇን ጣቶች በቀኟ ስታሻሽ አየኋት። ፈርታ ነበር፤ እኔም ፈራሁላት።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው አንድ አዲስ ሆቴል በምረቃው እንድትጫወት ጠራት። እዚህ ላይ ስለ ቀበቶው መናገር አለብኝ። ቼሎ ከሥሩ አንዲት ሹል ብረት አለችው፤ ወለል ላይ የምትቆመው እሷ ናት። እንጨት ላይ ትነክሳለች፣ የለሰለሰ ድንጋይ ላይ ግን ትንሸራተታለች። ስለዚህ እህቴ አባባ የመጋዘን ዘበኛ ሳለ ይታጠቀው የነበረውን ሰፊ ቀበቶ ከወንበሯ እግር ጋር ታስርና ብረቷን ዘለበቱ ውስጥ ትሰካለች። በልጅነታችን ይህ ቀበቶ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ጀርባዬ ያውቀዋል።

የሆቴሉ ወለል ከዳር እስከ ዳር እብነ በረድ ነው፤ መልክህን አይተህ ጢምህን ትላጭበታለህ። ቀበቶውስ? ዘለበቱን ላጠብቅ ብዬ ወስጄው ሱቄ ውስጥ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልክድም። እህቴ ብረቷን በጫማዋ ጫፍ ደግፋ ጀመረች። ግማሽ ድረስ እንደ ምንም ተጓዘች። ከዚያ ጫማዋ ከዳት። ቼሎው ወደ እንግዶቹ ሸሸ፣ እሷ በጉልበቷ ጎተተችው፣ ደጋኑ ገመዶቹን እንደያዘ ከላይ እስከ ታች ወረደ። የወጣው ድምፅ ጥርስ ሲነቀል የሚሰማ ዓይነት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ጭብጨባው ወረደ። ከፊት የተቀመጠ ባለ ሻርፕ ሰውዬ ተነስቶ ቆመ፤ «ድንበሩን ጥሳ ሄደች!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የሆቴሉ የዝግጅት ኃላፊ እዚያው ወረቀት ይዞ መጣ። የሁለት ዓመት ውል ነው። አራተኛው አንቀጽ «ሙዚቀኛዋ በየዝግጅቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያንን ልዩ ድምፅ ታሰማለች» ይላል። እህቴ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ፈረመች። ምን ታድርግ?

አሥራ አንድ ዓመት እንዳይንሸራተት የታገለችውን ቼሎ አሁን ማንሸራተት ትለማመድ ጀመር። የወጥ ቤታችን ወለል ተቦጫጨረ። አማካሪው «ታሪክ አገኘሽ!» ብሎ ደወለላት። አጎታችንም ቦታውን ለሌላ ሰጥቶ «ድሮም አውቄዋለሁ» እያለ ማውራት ያዘ።

በመጀመሪያው ዝግጅት እማዬን ከፊት አስቀመጥናት። እህቴ በቦታው ላይ፣ በልኩ አንሸራተተች። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። እማዬ ቦርሳዋን ታቅፋ እንደተቀመጠች ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ከተነሳ በኋላ እማዬ ከሱቄ መልሼ ያመጣሁትን ቀበቶ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ትናንት የሰማሁት ወለሉን ነው» አለች። «አሁን ያንቺን አሰሚኝ።»

እህቴ ቀበቶውን ከወንበሩ እግር ጋር አሰረች፣ ብረቷን ሰካች፣ በሆቴሉ ምረቃ የጀመረችውን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተችው። ክላሲካል ይሁን ጃዝ አላውቅም፤ ጥግ ላይ ስሰፋው የነበረው ጨርቅ ከስፌት መኪናዬ መርፌ ሥር እንዳለ እግሬ መርገጫውን መርገጥ ተወ። አልቅሻለሁ፤ ምን አሳፍሮኝ።

ሲያልቅ እማዬ በሁለት እጇ አጨበጨበች። ቆይታ ቆይታ ነው ያቆመችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀበቶውን ፈታችና በጥንቃቄ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«እዚህ ይቀመጥልሽ የኔ ልጅ» አለቻት። «እዚያ ይዘሽው ሄደሽ ሥራሽን እንዳታጪ።»