ግድግዳው በነፃ ያግዛል

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ባጃጅ በበራችን አለፈ። ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር ምን ዓይነት ቤዝ መቺ ሰብዎፈር እንደቀበረ እንጃ፣ ዘፈኑ ከመሰማቱ በፊት የመስኮታችን መስታወት ተንቀጠቀጠ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ምቱ ከጆሮዬ ቀድሞ በጀርባዬ ገባ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። «ምንም» አልኋት። ከተጋባን ጀምሮ የምትጠይቀኝ ሌላም ጥያቄ አላት። «ይሄን ጥቁር ሣጥን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጥግ ላይ ብታስቀምጠው ምናለበት? ቤት መሐል ብርድ ልብስ አንጥፈህለት ስንቴ ያደናቅፈን?» መልስ ሰጥቻት አላውቅም። ለአንተ ግን ልንገርህ፤ ለቤት ሰው ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ለሌላ ሲሆን ትንሽ ይቀላል።

ያኔ የምኖረው ቆሰበር ነበር። እንጅባራ የምትባለው በደብዳቤ ላይ ነው፤ እኛ ቆሰበር ነው የምንላት። ከኮሌጅ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝሁት እዚያ ነው። ዙሪያውን በቀርከሃ የታጠረ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የእኔ ክፍልና የአከራዬ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። በእሳቸው በኩል ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ መደብ ነበረ፤ የሚቀመጡትም የሚተኙትም እሱ ላይ ነው። በእኔ በኩል ባዶ ጥግ ነበር።

እማማ ነበር የምላቸው። ስልሳን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ያልወለዱ ሴት ናቸው። የመጡት ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለ ገጠር ሲሆን ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከዶሮዎቻቸው ጋር በአዊኛ ያወሩ ነበር። ዶሮዎቹ ከእኔ የበለጠ ቁም ነገር ይነገራቸዋል እያልሁ አሾፍባቸዋለሁ። አንድ ወንድም ነበራቸው። እናታቸው ስትሞት ገና ሕፃን ነበርና አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ይህ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ውሎ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሚኒባስ ይመጣል። በሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እማማም ገና ሳያዩት «መጣህ?» ይላሉ።

የእኔ ወሬ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ሆም ቴአትር፣ ቤትን ሲኒማ የሚያደርግ የድምፅ ዕቃ። ፊልም ስወድ አበዛለሁ። ቴሌቪዥን ገዝቼ ነበር፤ ግን ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከደመወዜ እየቆነጠርሁ አስቀመጥሁ። አማካሪዬ ቴሌቪዥንና ራዲዮ የሚጠግን ጓደኛዬ ነበር፤ ስፒከር ላይ ሲደርስ እንደ መሪጌታ የሚቆጣ ልጅ።

መጀመሪያ ልቤን የሰረቀኝ እዚያው ቆሰበር አንድ ሱቅ ውስጥ ያለ፣ አምስት ስፒከር ያለው፣ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ አዲስ ዕቃ ነበር። ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ የማያልቅ ዋት ተጽፎበታል። ጓደኛዬ አንዱን ስፒከር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄን እኮ ዶሮም ትሸከመዋለች» አለኝ። «ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ለካርቶኑ ነው። ገንዘብህ ትንሽ ከሆነች አምስት ቦታ አትበትናት። አምስት ደካማ ከሚጮኹብህ ሁለት ደህና ያናግሩህ።»

አንድ ቅዳሜ ዳንግላ ሄድን፤ ቪዲዮ ቤቱን የዘጋ ሰውዬ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ሁለት ከእንጨት የተሠሩ ስፒከሮች አየን። ጓደኛዬ በጣቱ አጥንት ኳ ኳ አደረጋቸው፤ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ሰጡ። ሰውዬው ዘፈን ሊከፍትልን ሲል «ዘፈን አይደለም፣ ሰው የሚያወራበት ነገር ክፈትልን» አለው። «የሰው ድምፅ የሚያበላሽ ስፒከር ሌላውንም ያበላሻል።» ከፈተው፤ እውነትም የሚያወራው ሰው ከአጠገባችን የቆመ መሰለ። ለሰብዎፈር እኔ አስራ ሁለት ኢንቹን ተመኘሁ። እሱ ስምንቱን አነሳ። «ክፍልህ ለዚችም ትጠባለች። ያንን ብትገዛ የሚሰማልህ ጎረቤትህ ነው።» ደግሞም ምስጢር ነገረኝ። «ጥግ ላይ፣ ግድግዳ አስጠግተህ አስቀምጣት። ገንዘብ ያላወጣህበትን ድምፅ ግድግዳው በነፃ ያግዝሃል።»

የሰብዎፈሩን ሣጥን ጭኔ ላይ ይዤ በጋሪ ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ያካፋ ነበር። የፈረሱ ላብና የእርጥብ ጭቃው ሽታ ዛሬም አልለቀቀኝም። ሣጥኑ እንዳይረጥብ ጃኬቴን አውልቄ ሸፈንሁት፤ እኔ ረጠብሁ።

ቆሰበር ስደርስ የእማማ ወንድም ከገበያ መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሰብዎፈሩን ከእጄ ነጥቆ ትከሻው ላይ አወጣው። እማማ «ምንድን ነው ልጄ፣ የልብስ ሣጥን ነው?» አሉኝ። «የድምፅ ነው፣ እማማ።» «ድምፅ በሣጥን!» ብለው ሳቁ። ወንድማቸው ጎንበስ ብሎ ገባና ጥጉ ውስጥ አስቀምጦ በጉልበቱ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገው። «እዚህ ይሁንልህ?» አለኝ። እዚያ ይሁንልኝ አልሁት።

ሰኞ ማለዳ በለቅሶ ነቃሁ። በአማርኛ ተጀምሮ በአዊኛ የሚያልቅ ለቅሶ ነበር። ወንድማቸው እሁድ ማሳው ዳር እንደቆመ ወደቀ፤ ልቡ ነው አለ ሰዉ።

እንደምታውቀው ለቅሶ ያለበት ግቢ ውስጥ ቢያንስ እስከ አርባው ራዲዮ እንኳ አይከፈትም። እኔም ደህና ሰው ነበርሁ፤ ድንኳን ተከልሁ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ሣጥን እያየሁ ገባሁ፣ እያየሁ ወጣሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ብልሃት ፈጠርሁ። የሁለቱን ስፒከሮች ሽቦ ነቀልሁና ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ሰብዎፈሩ ሽቦው ለብቻው ነበርና እሱን ሳልነቅል ተውሁት፤ ዝቅ አድርጌ፣ ትንሽዬ ብቻ። ቤዝ ከሌለው ታዲያ ለምን ገዛሁት? በጆሮ የማይሰማ ነገር ሐዘን የሚያውክ አልመሰለኝም። እንዲያውም እንዲህ ተጠንቅቄ ማየቴ ጨዋነት መስሎ ታየኝ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት፣ በሬን ዘግቼ፣ ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከረምሁ።

አንድ ሐሙስ እማማ ከበር አስቆሙኝ። ከስተው ነበር። «ልጄ፣ እኔም ልከተለው ነው መሰለኝ» አሉኝ። «ምነው እማማ?» «ልቤ እንዲያው ድው ድው ይላል። ቅዳሜና እሁድ ይብስብኛል፤ እሱ በሚመጣበት ሰዓት። የእኛ ዘር ልቡ እንዲህ ነው ማለት ነው።» ለእህታቸው ልጅ ስለ ቤቱ ተናዝዘው እንደነበርም ነገሩኝ።

ቅዳሜና እሁድ በዚያ ሰዓት ፊልም የምከፍተው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ደረሰ። ፊልሙን ከፈትሁና ጨው ልበደር ብዬ ወደ እሳቸው ቤት ሮጥሁ። መደቡ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንደ ዋዛ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍሁ። ይመታል። ድምፅ የለውም፣ ግን ጭቃው ከነነፍሱ ይመታል። እማማ ደረታቸውን ያዙ። «ይኸው፣ አሁንም ጀመረኝ» አሉ፤ ዓይናቸው በፍርሃት ተሞልቶ ነበር።

እዚያች ላይ መናገር ነበረብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። እኔ ግን ምን አልሁ መሰለህ? «እማማ፣ ሐኪም ቢያይዎት ይሻላል» አልሁ። ከዚያ ወደ ክፍሌ ሮጬ ሽቦውን ነቀልሁ።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ ደረሰብኝ። ሰኞ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ አዳምጦ ምንም አላገኘም፤ እንዲያው ቡናና ጨው ይቀንሱ አላቸው። ቡናውን እርግፍ አድርገው ተዉት። ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ጠበል ገቡ፤ ሰባት ቀን፣ በዚያ በቆሰበር ብርድ፣ ጉሙ ሳይገለጥ። የመጀመሪያውን ቀን ጀሪካኑን ተሸክሜ አደረስኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ነጠላቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ፣ እየተንቀጠቀጡ ወጡ። ጀሪካኑን ይዤ ቆሜ አየኋቸው። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ሲስሉ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር፤ ያ ግድግዳ አሁንም በነፃ ያግዝ ነበር።

በመሐሉ የዋለው ቅዳሜ ከሰዓት ምንም ሳይመታ አለፈ፤ እሁዱም እንደዚያው። ሰባቱን ሲጨርሱ እማማ ዳኑ። የተሳሉትን ጃንጥላ ለቤተ ክርስቲያን ሲያስገቡ «አንተ ያዝልኝ፣ ሐኪም ያልኸኝ አንተ ነህ» ብለው እኔኑ አስያዙኝ። በሰው መሐል ያንን ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ተሸክሜ ስሄድ ፊቴ ነደደ። በሰማንያው ተዝካር ዕለት ደግሞ ለካህኑም ለዘመዱም ተአምሩን ሲያወሩ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄ ልጅ ምስክሬ ነው።» እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ጠላው ቀረበልኝ፤ ጠጣሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ደፈረሰ። ዓመት ከመንፈቅ አለፈና ወደ ዳንግላ ተዛወርሁ። ዕቃዬን የምጭንበት ቀን፣ ባጃጁ እስኪመጣ ድረስ፣ ሳልናገር ከዚህ ግቢ አልወጣም ብዬ ገባሁ። የሰብዎፈሩ ሽቦ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ላሳያቸው። መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ያ የልብዎ ነገር…»

«እሱን ተወው» አሉኝ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጠበሉ ሲያሽረኝ ቅር አለኝ።»

«ለምን እማማ?»

«ከደረቴ አልነበረማ የሚመታኝ። ከጀርባዬ ነበር። ያን ልጅ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። የታዘለ ልጅ ልቡ ጀርባህ ላይ ሲመታ… አንተ የት ታውቀዋለህ። እንደዚያው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በመምጫው ሰዓት። ሞቴ መስሎኝ ፈራሁ። ሲተወኝ ነው እሱ እንደነበረ የገባኝ። መጥቶልኝ ነበር፤ እኔው በጠበል አባረርሁት።»

እጄ ኪሴ ውስጥ ሽቦውን እንደጨበጠ ቀረ። ብነግራቸው ወንድማቸው ከመጀመሪያውም አልመጣም ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ ያባረሩት እሳቸው ሆነው ይቀራሉ። ዝም አልሁ። አዝኜላቸው ነው እያልሁ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። አሁን ሳስበው ግን ያዘንሁት ለእሳቸው አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

እማማ አምና አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ስለዚያ ጠበል ሲያወሩ ሰማሁ። ዘወር ማለት አቃተኝ።

ያን ከቆሰበር የወጣሁበት ዕለት ባጃጁ መጥቶ ጥሩምባውን ሲያሰማ የቀረው ሰብዎፈሩ ብቻ ነበር። ላነሳው ስል እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ። «ብቻህን አትችለውም» ብለው አንዱን ጫፍ ያዙ።

«ምን አለበት ይሄ ነገር?»

«ምንም የለበትም፣ እማማ። ባዶ ነው።»

«ለባዶማ ይከብዳል» አሉ።

ደጃፉ ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ አሳረፍነው። ላዩ ላይ የተኛውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «እሱ ብቻውን በትከሻው ነበር ያገባው፣ ታስታውሳለህ?» አሉኝ። አስታውሳለሁ አልኋቸው። ከዚያ ሕፃን ሲያስተኙ እንደሚያደርጉት በመዳፋቸው ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉትና «በል፣ አንሣ» አሉኝ።