ማንም ያላወረደው ሥዕል

ባለቤቴ ሥዕሉን የገዛው በምንኖርበት በሰው አገር፣ ጀርሚስተን ከተማ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ነው። አንድ ጣሊያናዊ ሠዓሊ የሣለው የቬኒስ ሥዕል ቅጂ ነው። በቤቶች መካከል በሚያልፈው ሰፊ ውሃ ላይ የበዓል የጀልባ ውድድር ይካሄዳል፤ በየመስኮቱ ቀይ ምንጣፍ ተንጠልጥሏል፤ በየሰገነቱ ሰው ታጭቋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሥዕሉ ፊት አቁሞ፣ "እስቲ እዩልኝ፣ ልክ እንደ ጀርሚስተን ታክሲ! ሁሉም እኔ ልቅደም ነው" ይል ነበር። እኔም ከጓዳ ሆኜ፣ "ዶክተር፣ መጀመሪያ እንግዶቹን አስቀምጣቸው እንጂ" እለዋለሁ።

በወረርሽኙ ዘመን፣ ይሠራበት በነበረው ሆስፒታል ሞተ። የቀበሩት ከአናት እስከ እግራቸው በፕላስቲክ የተሸፈኑ ሰዎች ናቸው። እኔም ታምሜ ስለነበር መቃብሩ ላይ አልቆምሁም።

በእኛ ልማድ ሐዘንተኛ ዕቃ አያነሳም። ሶፋውን አውጥቶ ፍራሽ የሚያነጥፈው፣ ጌጡን ሁሉ የሚያወርደው ጎረቤት ነው። ያኔ ግን ሰው ቤት መሄድ ተከልክሎ ነበር። ሶፋውም በቦታው ቀረ፤ ሥዕሉም እንደተሰቀለ ቀረ። እኔ ላወርደው እችል ነበር። ባወርደው ግን አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው እንደሌለ በገዛ እጄ ማረጋገጥ መሰለኝ። ጥቁር ለብሼ ከጀልባዎቹ ትይዩ ተቀመጥሁ። በየሰገነቱ ያሉት ሰዎች ሁሉ ውድድሩን ያያሉ፤ ወደ እኔ የዞረ አንድም የለም። ስልክ ይደወላል፤ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይሉኛል፤ "አሜን" እላለሁ። ለቅሶዬን ሰው እስኪመጣ አቆየሁት።

እገዳው ሲላላ የአገሬ ሴቶች ሊያስተዛዝኑኝ መጡ። ጭንብል አድርገው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ተራርቀው ተቀመጡ። ዱርንፎንቴን ሰፈር ሱቅ ያላት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት ቀና ብላ ሥዕሉን አየች።

"ውይ ልጄ! በለቅሶ ቤት ይሄ ሁሉ ፈንጠዝያ?"

"የሚያወርድልኝ አጥቼ ነው፣ እትዬ።"

ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። "የኔ ጌታ፣ እንደ ታክሲ እያልህ ስታስቀን..." አለችና ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሁት ይህንን ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። ደረቴን ልመታ እጄን አነሳሁ፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ፤ መልሼ ጉልበቴ ላይ አኖርሁት።

ሥዕሉን ፊቱን አዙረው ጥግ አስደግፈውት ሄዱ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ቀለሙ እንደ ሌላው አልደበዘዘም። ከሶፋው ሆኜ አሁን የማየው ያንን ባዶ ቦታ ነው።