የአቶ ኖንግማ የይለፍ ወረቀት

ቲፖኮ ዞሮሜ ባሏ ሲሞት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። የባሏ ታናሽ ወንድም እንደ ደንቡ ሊወርሳት ሲመጣ «እኔን ለመውረስ መጀመሪያ እኔ ልሙት» ብላ ከደጅ መለሰችው። አማቶቿ ተቀየሙና ከመሬቱ ሁሉ ማንም የማይፈልገውን፣ ከግድቡ ዳር ያለውን ጭቃ ሰጧት። ጭቃው ግን ቲማቲም ይወድ ነበር። ሽንኩርትም ጎመንም ይወድ ነበር። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ቲንታባ የምትባለው የሰሜን ቡርኪና ፋሶ መንደር በከተማ የምትታወቀው በቲፖኮ ቲማቲም ሆነ።

አህያዋን ኖንግማ አለችው፤ «ውደደኝ» ማለት ነው። በሞሲዎች፣ በቲፖኮ ወገኖች ዘንድ፣ ለውሻም ሆነ ለአህያ የሚወጣ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ ፊት ለፊት የማይባለውን ከብቱን እየጠሩ ይሉታል። ቲፖኮ በአማቶቿ ደጅ ስታልፍ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ኖንግማ! ኧረ ኖንግማ!» ትል ነበር። አማቶቿ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። አህያው ግን በተጠራ ቁጥር ይመጣል።

ዓለም ሁሉ አፉን በጭምብል በሸፈነበት ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ ወረርሽኙ የያዘው ሰው በከተማው ተገኘ ተባለና ከተማው ተዘጋ፤ ገበያውም ታጠፈ። የቲፖኮ ቲማቲም አዋጁን አልሰማም፤ እንደ ወትሮው ቀላ። ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት «የሀገራችሁን ምግብ ብሉ፣ ገበሬዎቻችንን ደግፉ» ይልና በዚያው ትንፋሽ «ከቤት አትውጡ፣ ገበያ አትሂዱ» ይላል።

«አንዱን ምረጥ እንጂ!» አለችው ቲፖኮ ሬዲዮውን።

ከተማ ያሉት ደንበኞቿ የቆርቆሮ ድልህ ሲበሉ የእሷ ቲማቲም ለጎረቤት ፍየሎች ተረፈ። በሁለተኛው ሳምንት ፍየሎቹም ሰለቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ምግብ ለሚያመላልስ ሰው የይለፍ ወረቀት የሚሰጥ ጸሐፊ መጣ። ጸሐፊው በሽታውን አጥብቆ ይፈራ ነበርና ጠረጴዛውን ከማንጎው ሥር፣ ሰልፈኛውን ከውኃ ጉድጓዱ ማዶ አደረገ። መካከሉ ሃያ እርምጃ ነው። አፉ ላይ ሁለት ጭምብል ደርቧል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በጩኸት ሆነ።

«ማን ነው የሚሄደው?»

«እኔና ኖንግማ!»

«ሁለት አይቻልም! አንድ ብቻ!»

«ያለ ኖንግማ እንዴት አድርጌ! ጋሪውን የሚጎትተው እሱ አይደል?»

«እንግዲያው እሱ ይሂድ! የአባት ስም?»

ቲፖኮ የእሷን የጠየቃት መስሏት «ዞሮሜ!» አለች።

«ዕድሜው?»

«ዘጠኝ!»

ጸሐፊው ሃምሳ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ።

«ጤናው እንዴት ነው?»

«እንደ አህያ!»

ጸሐፊው ሳቀና ማኅተሙን መታ። ወረቀቱንም ድንጋይ ላይ ጠቅልሎ ወረወረላት።

በማግስቱ ቲፖኮ ጋሪዋን ጭና ከተማው መግቢያ ካለው ኬላ ደረሰች። ኬላውን የሚጠብቀው ሳጅን ፓሬ የሳሞ ሰው ነው። ጎረቤታሞቹ ሕዝቦች ሞሲና ሳሞ ሲገናኙ በቀልድ ካልተሰዳደቡ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም።

«አንተ አሽከሬ፣ እመቤትህ መጣች፤ ገመዱን ፍታ!» አለችው።

«የሞሲ ሰው እመቤት የሚሆነው ለአህያ ነው። አምጪ ወረቀትሽን።»

«የውሻ ራስ በልተህ አድረህ ማንበብ ትችላለህ?» አለችው፤ ሞሲዎች ሳሞዎችን ውሻ በሊታ እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

ፓሬ ጮክ ብሎ አነበበ። «አቶ ኖንግማ ዞሮሜ። ወንድ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት። አትክልት አመላላሽ። የት አለ ሰውዬው?»

ቲፖኮ በአገጯ ወደ ጋሪው አመለከተች። ፓሬ አህያውን አየ፤ ወረቀቱን አየ፤ እንደገና አህያውን አየ።

«እማማ ቲፖኮ፣ ይሄ እኮ አህያ ነው።»

«ፈረስ ነው አልኩህ?»

ፓሬ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። ከሳምንት በፊት ያለ ወረቀት ሰው ያሳለፈ ባልደረባው ከሥራ መታገዱን ያውቃል። ወረቀት ያለውን የመለሰ ምን እንደሚደርስበት ግን የነገረው የለም።

«ማኅተም አለበት፤ ማኅተም አልመልስም። እሱ ይለፍ፤ አንቺ ቅሪ።»

«ብቻውን?»

«በወረቀቱ ብቻውን ነው።»

ቲፖኮ ልትሰድበው አፏን ከፍታ ቲማቲሙን አየችና ተወችው። ከታች ያለው ረድፍ ውኃ ማንጠብጠብ ጀምሯል፤ ሌላ ቀን አያድርም። ስልኳን አውጥታ ከተማ ውስጥ ከደጇ አትክልት ለምትቸረችረው ለራኪዬታ ደወለችላት።

«ኖንግማ እየመጣ ነው።»

«እሰይ! ማን እየነዳው?»

«ራሱ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን የራኪዬታን ጩኸት ሳትሰማ ዘጋችው። የአህያውን ጆሮ ያዝ አድርጋ «ራኪዬታ ዘንድ፣ እንደ ሁልጊዜው። መኪና ሲመጣ ጥግህን ያዝ» አለችው። የኬላው ገመድ ተፈታ። አህያው ሦስት እርምጃ እንደሄደ ፓሬ «ቁም!» ብሎ ጮኸ። አህያው ጭምብል አላደረገም። ቲፖኮ ሻሿን ፈትታ አፉ ላይ አሰረችለት።

አህያው መታጠፊያውን ይዞ ተሰወረ። ቲፖኮ ባሏን በቀበሩበት ቀን እንኳ ቆማ ነበር፤ አሁን ግን መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ፓሬ ሁለት ሜትር ርቆ ተቀመጠና የተቆላ ኦቾሎኒ በመሬት ላይ ገፋ አደረገላት። ሁለቱም ሳይሰዳደቡ በሉ።

ከሰዓት በኋላ ኖንግማ ባዶ ጋሪውን እየጎተተ ተመለሰ። የሚገባት ገንዘብ ሁሉ በከረጢት ታስሯል። ከተማው ውስጥ ሰው ሲያየው መንገድ ይለቅለት፣ አንድ ሽማግሌም «ጭምብሉን እንዴት እንዳደረገ እዩ፣ እናንተ አፍንጫችሁን ታወጣላችሁ!» እያሉ የሰፈሩን ወጣት ይገስጹበት እንደነበር ራኪዬታ በስልክ ነገረቻት።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ ለኖንግማ ወዳጅ ሆነ። ባቄላ ያለው ባቄላውን፣ ጎመን ያለው ጎመኑን ይዞ ከቲፖኮ ደጅ ይሰለፋል። ሊወርሳት መጥቶ የነበረው የባሏ ወንድም እንኳ ሽንኩርት ተሸክሞ መጣ።

«አቶ ኖንግማ እንደምን አደሩ?» አለ፣ ቲፖኮን ላለማየት ወደ አህያው ዞሮ።

«ጫንለት» አለችው።

በአምስተኛው ጉዞ ኬላው ላይ አዲስ ነርስ ቆማ ነበር። ሽጉጥ በሚመስል የሙቀት መለኪያ የሚያልፈውን ሁሉ ግንባር ግንባሩን ታነጣጥርበታለች። ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለውን የኖንግማን ግንባር ስትለካ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት አለ።

«ትኩሳት አለበት። አሥራ አራት ቀን ለይቶ ማቆያ ይገባል።»

«አህያ ነው እኮ፣ እህቴ!» አለ ፓሬ።

«ወረቀቱ ላይ አቶ ይላል። እኔ መዝገብ ላይ ወንድና ሴት እንጂ አህያ የሚል ቦታ የለኝም። አንተ አለህ?»

ፓሬ አልነበረውም።

ለይቶ ማቆያው የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከአይቮሪ ኮስት ሲመለሱ የተያዙ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ኖንግማ አሥራ ሁለተኛ ሆነና የራሱ ፍራሽ ተሰጠው። በሁለተኛው ቀን ፍራሹን በላው። ምሳም እራትም ከባሕር ማዶ የመጣ ሩዝ ከሰርዲን ጋር ነበር። አሥራ አንዱ እያማረሩ ዋጡት። ኖንግማ አሽትቶ ዞር አለ። ነርሷም በየቀኑ ወደ ከተማ በሚላከው ቅጽ ላይ «ቁጥር አሥራ ሁለት አልበሉም» ብላ በታማኝነት ጻፈች።

በአራተኛው ቀን የአውራጃው ምክትል ሹም በመኪና ከነፉ። በእሳቸው ግዛት የረሃብ አድማ ተነሣ ሲባል መቼም አይወዱም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ ድምፅ ማጉያ ያዙ።

«አቶ ኖንግማ! ጥያቄዎን ያቅርቡ! መንግሥት ይሰማዎታል!»

ከክፍሉ ውስጥ መልስ አልመጣም። በየቀኑ አጥሩን ይዛ የምትውለው ቲፖኮ ግን እዚያው ነበረች።

«ለእሱ እኔ ልናገር፤ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ» አለች። «የውጭ አገር ሩዝ አይበላም። ኖሮም በልቶ አያውቅ። የገዛ መሬታችን ያበቀለው ይምጣለት። ጎመን፣ የባቄላ ቅጠል። ለእነዚያ ምስኪኖችም ቲማቲም ያለው ወጥ ስጧቸው። አምስት ኪሎ ሜትር ላይ እየበሰበሰ እናንተ ቆርቆሮ ትከፍታላችሁ!»

ከመስኮቱ አሥራ አንዱም «እውነቷን ነው! እውነቷን ነው!» አሉ።

ምክትል ሹሙ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በዚህ ዕድሜያቸው፣ በትኩሳት ላይ ሆነው፣ ለገበሬው ብለው!» አሉ። በዚያው ቀን በአውራጃው ያሉ ለይቶ ማቆያዎች ሁሉ ቀለባቸውን ከአካባቢው ገበሬ እንዲገዙ ትእዛዝ ጻፉ። በማግስቱ የመንግሥት መኪና ቲንታባ ገብቶ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን ጭኖ ወጣ። በሬዲዮም «የሀገሩን ምግብ ካልበላሁ ያሉት አቶ ኖንግማ ዞሮሜ» ሦስት ጊዜ ተወደሱ። ቲፖኮ በዚህ ጊዜ ሬዲዮውን አልተቆጣችም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ምክትል ሹሙ ጋዜጠኛ አስከትለው ጀግናውን ሊቀበሉ መጡ። በሩ ተከፈተና ኖንግማ በባቄላ ቅጠል ወፍሮ ወጣ። ምክትል ሹሙ ከበስተኋላው የሚመጣ ሰው ጠበቁ። አልመጣም። ነርሷን አዩ፤ ነርሷ መዝገቧን አየች። ፓሬ ጫማውን አየ። ሪፖርቱ ዋና ከተማ ከደረሰ ሳምንት ሆኖታል፤ የምስጋና ደብዳቤም ተመልሶላቸዋል።

ምክትል ሹሙ ትንሽ አሰቡና ጎንበስ ብለው በክርናቸው የአህያውን ትከሻ ነካ አደረጉ።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ አቶ ኖንግማ» አሉ። ጋዜጠኛው ፎቶ አነሣ። የታተመው ግን ከወገብ በላይ ምክትል ሹሙ ብቻ ናቸው።

ገበያው በግንቦት ተከፈተ። በመኸሩ ለይቶ ማቆያ የነበሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች ለተማሪ ሲከፈቱ ለወጥ ቤታቸው ከመንደሩ መግዛታቸውን ቀጠሉ። ያን ያየ የቲንታባ ሰው ሁሉ ግድቡ ዳር ያለውን ጭቃ መሻማት ያዘ። አሁን ቲፖኮ ማለዳ ማለዳ ከጎረቤቶቿ ጋር በውኃ ትጣላለች። «ቦይሽን አጥብቢ!» ይሏታል፤ «ሃያ ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ?» ትላቸዋለች፤ እነሱም ይስቃሉ። ከዚያም ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድ ሳህን ከብበው ቁጭ ብለው ይበላሉ፤ የማሽላ ገንፎ፣ ከጎመን ወጥ ጋር። ማንም ባይነግራትም፣ ብቻዋን የበላችባቸው ዓመታት ማለቃቸውን ቲፖኮ ታውቃለች።