ለሞተር የገዛነው ከስክስ

እርጥብ ቆዳ ከሰል ዳር ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጭስም አይደል፣ ላብም አይደል፣ ሁለቱንም ይመስላል። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ዝናብ ያረሰረሰውን የትምህርት ቤት ጫማዋን ምድጃው አጠገብ አስጠግታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። «ሽንኩርቱ ነው?» አለችኝ ተመልሳ፣ ዓይኔን አይታ። አዎ አልኳት። የሷ ዕድሜ ገና ነው። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። ደብረ ዘይት ተምሬ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ተመልሻለሁ፤ ሥራዬ በከተማው ዙሪያ ባሉ የገበሬ ማኅበራት እየዞርኩ ከብት መከተብ ነው። በመጀመሪያ በእግሬ፣ ሲገኝም በጭነት መኪና ነበር የምሄደው። ኋላ መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። ሴት ልጅ ሞተር ላይ ተቀምጣ ማየት ያልተለመደ ነበርና ሳልፍ ሽንኩርት የሚኮተኩቱት ሁሉ ወገባቸውን ቀና አድርገው እስክሰወር ይከተሉኝ ነበር፣ በዓይናቸው።

የምነዳው ሸራ ጫማ አድርጌ ነው። ገና ከመጀመሬ ማርሚታው፣ ያ የጋለ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ባቴን ላጠው። ቀጥሎ የግራር እሾህ ሸራውን በስቶ ተረከዜ ውስጥ ገባ። ማርሹን ቀኑን ሙሉ በእግሬ ጫፍ ወደ ላይ ሳነሳ ስለምውል የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ። ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በዚያው ዓይነት ሸራ ጫማ ከሞተር ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ እንደደቀቀም አልነገርኩትም።

አባቴ ዕድሜውን በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ስለመጣ ቤት የተቀመጠ ሰው ነው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ነበርን። ከሥራ ስመለስ ማነከሴን ያወቀው አይቶ ሳይሆን ሰምቶ ነው፤ አንዱ እግሬ ከሌላው ዘግይቶ ሲሚንቶውን ሲነካ።

«ያን ሞተር ተዪው ብልሽ አትተዪውም» አለኝ።

«አልተወውም አባባ።»

«እንግዲያው ነገ ጫማ እንገዛለን።»

በማግስቱ ክንዴን ይዞ ገበያ ወጣን። ከወንጂ በኩል የሸንኮራ ቃጠሎ ጥላሸት በነፋስ እየመጣ ሰው ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ወቅት ነበር፤ ሰማዩ ጠዋትም የመሸ ይመስላል። የጫማ ነጋዴው ጎልማሳ የወሎ ሰው ነው፤ ሱቁ ጠባብና ጨለምለም ያለ፣ ጎማና የቆዳ ቅባት የሚሸት።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለሷ። ሞተር ትነዳለች።»

ነጋዴው እኔን አየ፣ ወረድ ብሎ እግሬን አየ፣ አልሳቀም። «አብሽር፣ እግር ያው እግር ነው» አለና ወደ መደርደሪያው ዞረ።

በመጀመሪያ የጎማ ቦቲ አወጣ። ውሃ አያስገባም፣ ጭቃ አይፈራም አለ። አባቴ እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ አወጣው። «ውሃ አያስገባም፣ ሙቀትም አያስወጣም። ማርሚታ ሲነካው ደግሞ ቀልጦ ከቆዳዋ ጋር ይጣበቃል» አለና መለሰለት።

ሁለተኛው ቡናማ የሴት ቦት ነው። ውስጡ በበግ ፀጉር የተለበጠ፣ ጎኑ ላይ ዚፕ ያለው። ሳደርገው ያ ሁሉ ቁስል ዝም አለ፤ ያቺ የጠቆረች ጣቴ እንኳ ዐረፈች። «ይሄ ይሁንልኝ» አልኩ። አባቴ አጎንብሶ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለውን ቆዳ በመዳፉ ያዘና ጨመቀው። ቆዳው እንደ ጨርቅ ተጨማደደ።

«እግርሽ ውስጡ ተደስቷል» አለኝ። «ሞተሩ የወደቀበት ዕለት ግን ይሄ ካልሲ ማለት ነው።»

ነጋዴው ጥቂት አመነታ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ጓዳ ገባና ጥቁር ከስክስ ይዞ መጣ፣ ወታደር የሚያደርገውን ዓይነት፣ ቁጥሩ ግን ትንሽ። አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠለት። አባቴ በጣቱ አፍንጫውን ዳሰሰ፣ ደንዳናውን ሶል ዳሰሰ፣ የክሩን ቀዳዳዎች ተራ በተራ እየነካ ወደ ላይ ወጣ። መሃል ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ የወታደር ነው» አለ።

«አይደለም ጋሼ፣ ወላሂ። አሠራሩ ነው የሚመስለው። ለፋብሪካ ሠራተኛ የመጣ ነው፣ ቁጥሩ አንሶ የሚገዛው ጠፋ።»

አባቴ ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

ወንድሜን ላስተዋውቃችሁ። ታናሼ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተነፈሰ የብስክሌት ጎማውን ሊያስለጥፍ እንደወጣ ከአውቶቡስ ተራ ለውትድርና አፍሰው ወሰዱት። ብስክሌቱን ጎሚስታው ነው ማታ እየገፋ ያመጣልን። አባቴ የታፈሱት ልጆች የሚሠለጥኑበትን ቦታ አጠያይቆ ሄደ፤ አላስገቡትም፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ዋለ። ያኔ ዓይኑ የተሻለ ያይ ነበር። ወደ ማታ ልጆቹ በሰልፍ ሲያልፉ ወንድሜን አየው። ተጣራ፣ ልጁም ዞር አለ፣ ሰልፉ ግን አልቆመም። ከዚያ ወደ ሰሜን እንደተላኩ ሰማን፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረኝ። «ከስክሱ ሰፍቶት ነበር» አለኝ። «ሲራመድ ተረከዙ ውስጡ ይዋልላል። ካልሲ ደርብበት ብዬ ጮህኩ። ሰምቶኝ እንደሆነ አላውቅም።»

ይህን ስለማውቅ ሱቁ ውስጥ «አባባ፣ ይቅር፣ ሌላ እንፈልጋለን» አልኩት።

ነጋዴው የገባው ይመስለኛል፤ በዚያ ዘመን የማይገባው ሰው አልነበረም። አባቴ ወንበሩን ይዞ ቀስ እያለ ወረደና እግሬ ሥር ተንበረከከ።

«አድርጊው» አለኝ።

ክሩን ራሱ አሰረው፣ ከታች ጀምሮ እያጠበቀ።

«ቁሚ። ጣትሽን ወደፊት ግፊው። ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ሁኚ። ጫፉን ይነካል?»

«አይነካም።»

«ከኋላስ ተረከዝሽ ይነሳል?»

«አይነሳም። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ግን ይይዘኛል።»

«ጠባብ ይለመዳል። የማይለመደው ሰፊ ነው» አለ። የተረፈውን ክር ፔዳል እንዳይዘው ብሎ ወደ ውስጥ ሸጎጠልኝና፣ ለመነሳት ነጋዴው እጁን ሲዘረጋለት፣ እንደተንበረከከ ትንሽ ቆየ።

ጫማው እንዳለውም ተለመደ። ለሳምንታት ቁርጭምጭሚቴን ከላጠኝ በኋላ እግሬን አወቀው። እሾህ አላለፈውም። ማርሹ አፍንጫውን ቢፍቀው እንጂ ጣቴን አልነካውም።

ክረምቱ ሲገባ ወደ አንድ መንደር ስወርድ፣ ጎርፍ አሸዋ በደለለበት ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው ሸሸኝና በቀኝ በኩል ወደቅሁ። ሞተሩ እግሬ ላይ ተኛ፤ ማርሚታው ከስክሱ ላይ። ቆዳው ሲጨስ አያለሁ፣ እግሬን ማውጣት ግን አልቻልኩም። ውሃ በአህያ ጭነው የሚመጡ አንዲት ሴትዮ አህያዋን ትተው ሮጡ። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?» እያሉ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሞተሩን በአንድ ጎን አነሱልኝ። እግሬ ወጣ። ቆሜ ረገጥኩበት፤ አጥንቴ ደህና ነበር። ሴትዮዋ ጫማዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማን እንደገዛልኝ ጠየቁኝና አባቴ ስላቸው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው በኦሮምኛ መረቁት።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ጫማውን አምጪው አለ። የተቃጠለውን ቦታ በጣቱ እየፈለገ አገኘው፤ ቆዳው እንደ ቁስል ቅርፊት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ይሄ እግርሽ ነበር» አለኝ። እስከ መኝታ ሰዓት ጫማውን ከጭኑ ላይ አላወረደውም።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ነገር የመጣው። በዝናብ ስመጣ ከስክሱ ጭቃ ስለሚሸከም ቤት አላስገባውም፤ በራፉ ላይ፣ ጣራው ሥር አውልቄው ነበር የምገባው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ ጎረቤት ውሎ ሲመለስ የከዘራው ድምፅ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እኔ ጓዳ ውስጥ በባዶ እግሬ እሳት አያይዛለሁ።

«መጣህ?» አለ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም። የወጣት ድምፅ ነበር። ወጣሁ። በራፉ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ እጁን ከስክሱ ላይ አድርጓል፤ ዝናቡ ትከሻው ላይ ይወርዳል። ኮቴዬን ሲሰማ ቀና አለ። ለመለየት ጊዜ ወሰደበት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እ» አለ። ከዚያ ጫማውን አንስቶ ገባና ምንም እንዳልተፈጠረ ከሰሉ ዳር አስደግፎ ያገላብጠው ጀመር። ቤቱ በዚያ ሽታ ተሞላ። ሁለታችንም እሳቱን እያየን፣ እራት እንኳ ሳንቀምስ አመሸን።

ከማግስቱ ጀምሮ ከስክሱን ከውሃው በርሜል ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ ማውለቅ ጀመርኩ።

መርዶው የመጣው በመስከረም ነው። አንድ እጁን ያጣ የሰፈራችን ልጅ ከሰሜን ተመልሶ ነበር፤ ለእድሩ ሽማግሌዎች እሱ ነው የነገራቸው። ጎህ ሲቀድ ግቢያችን በሰው ተሞላ። አባቴ በሩን ከፍቶ የሰዉን ብዛት በድምፁ ሲገምት፣ ማንም ሳይነግረው፣ ወደ ውስጥ ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነበር። የወንድሜን ፎቶግራፍና ሸሚዙን አወጡ፤ ሴቶቹ በሱ አለቀሱ። አባቴ ሰው ፊት አላለቀሰም። ያ እጁን ያጣ ልጅ መጥቶ ሲቀመጥ ብቻ፣ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቀው። ልጁ መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ። ምን እንደጠየቀው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለቅሶው አልፎ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ አንድ ማታ እራት ላይ እንዲህ አለኝ።

«ጫማሽን የት ነው የምታወልቂው?»

«ከበርሜሉ ኋላ።»

«እዚያ አይጥ ይበላዋል። በራፉ ላይ አውልቂው፣ እንደ ድሮሽ።»

እንጀራውን እየቆረሰ ቆየ፣ አልጎረሰም።

«አውቃለሁ» አለ። «የሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በሩ ጋ ስደርስ፣ ትዝ እስኪለኝ ድረስ ትንሽ ጊዜ አለች። እሷ ትበቃኛለች። አትንሺኝ።»

አባቴ እስኪሞት ድረስ እንዳለኝ አደረግሁ። አመሻሽ ላይ ከዘራው ከግቢው በር ጀምሮ እየተንኳኳ ይመጣና በራፉ ላይ ይቆማል። እኔ ውስጥ መብራት ሳላበራ እጠብቀዋለሁ። ሳል እንኳ ሲመጣብኝ እውጠው ነበር፣ ራሱ በሩን ከፍቶ እስኪገባ።