የደባልቄ አማት አገር ሊያዩ መጡ

ደባልቄ በአሶሳና በሸርቆሌ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ወላጆቹ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ አሶሳ ነው። ታዲያ አገሩን ያውቃል ይባልለታል እንጂ የሚያውቀው መንገዱን ብቻ ነበር፦ የትኛው ጉድጓድ ጎማ እንደሚበላ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ተሳፋሪ እንደማይጠፋ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ያየው ነገር የለም።

ሚስቱ ቀነኒ የወለጋ ልጅ ናት። እናቷ እማማ ብሪቱ ጋብቻውን አልወደዱትም ነበር። «ሹፌር ቤት አያውቅም» ብለው፣ የሠርጉን ወጥ ለይሉኝታ ቀመስ አድርገው፣ ሳያድሩ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ባለፈው ኅዳር ግን ሳይታሰቡ ዶሯቸውን በብብታቸው ይዘው ከአውቶቡስ ወረዱ።

«ልጄን የወሰደብኝን አገር ሳላይማ አልሞትም» አሉ ገና አረፍ እንዳሉ። «በል ነገ አሳየኝ። ምን ምን አለው?»

«ብዙ አለው፣ እማማ።»

«ለምሳሌ?»

«ለምሳሌ… ነገ ያዩታል።»

ቀነኒ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ደባልቄ ወዲያው ወጥቶ የሥራ ባልደረቦቹን ሲጠይቅ አመሸ። አንደኛው በመንጌ አቅጣጫ የአንድ የድሮ ሼክ የድንጋይ ቤት እንዳለ ነገረው። በማግስቱ አማቱን ጋቢና አስቀምጦ፣ ቀነኒን ከኋላ ጭኖ ወደዚያው ነዳ።

ጣሪያው ከወደቀ የቆየ ቤት ነው፤ ግድግዳው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሐጂ ማህጁብ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ከማንጎው ጥላ ተነሥተው ተቀበሏቸው።

«መርሐባ! ይሄ በር አጭር ነው፣ አየሽ?» አሉ ሐጂ። «ሰው ሲገባ አንገት ይሰብራል። ሼኩን ሰላም አለ ማለት ነው።»

እማማ ብሪቱ በሩን አዩት፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰተት ብለው ገቡ። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ በሩ ነጠላቸውን እንኳ አልነካውም። «እኔንስ አላስጎነበሰኝም!» ሲሉ ከውስጥ ተሰማ። ደባልቄ ግን እሳቸውን ተከትሎ ሲገባ ግንባሩን ክፉኛ ተመታ። ሐጂ ማህጁብ እየሳቁ «አንተ ሰላምታ አበዛህ» አሉት።

እማማ ጥያቄያቸው አያልቅም፤ ሼኩ ስንት ሚስት ነበራቸው፣ እህሉ የት ይቀመጥ ነበር፣ ውሃ ማን ይቀዳ ነበር። ሐጂ የሚያውቁትን መለሱ፤ የማያውቁትን «እሱን አላህ ያውቃል» እያሉ አለፉት።

ከዚያ ከቤቱ በታች ወዳለው ወንዝ ወረዱ። ሴቶች ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ገብተው በገበቴ ወርቅ ያጥባሉ። እማማ ብሪቱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘው አሉ።

«እማማ፣ ጉንፋን ይይዝዎታል!» አለ ደባልቄ።

«አንተ መኪናህን ጠብቅ!»

ሂባ የምትባል ወጣት ገበቴዋን ሰጠቻቸው። «ማማ፣ ቀስ በል» አለቻቸው፣ «አሸዋው ይሂድ፣ ከባዱ ይቀራል።»

«ወንድ አደረገችኝ እኮ!» ብለው ሳቁ እማማ፤ ግን እንደተባሉት ቀስ አሉ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ገበቴውን አዙረው አልጠገቡም። በመጨረሻ ከጥቁሩ አሸዋ መሐል ከጤፍ የማትበልጥ ነገር ብልጭ አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እማማ በጣታቸው ጫፍ አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና፣ ምን ይደረግ፣ አነጠሱ።

ወርቋ ወደ ወንዟ ተመለሰች።

ደባልቄ ከንፈሩን ነከሰ፤ ትንሽ ታገለ፤ አልሆነለትም። አማቱ ፊት ጥርሱን አሳይቶ የማያውቀው ሰው፣ በሳቅ ሆዱን ይዞ ዳርቻው ላይ ቁጭ አለ። እማማ ብሪቱ መጀመሪያ አፈጠጡበት። ቀጥለው ራሳቸውም ተንከተከቱ፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ ገበቴው ከእጃቸው እስኪወድቅ።

«ና ደግፈኝ፣ ልጄ» አሉት፤ «ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

ክንዱን ይዘው ወጡ። ሲመለሱ ቀነኒ ከኋላ ወንበር ሆና ሁለቱን ታዳምጣለች፤ ስለ ጎማ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወለጋ መንገድ መጥፎነት ወሬያቸው አላቆመም።

ለሁለት ቀን የመጡት ሴትዮ እስከ ገና ቆዩ። ደባልቄም ሚኒባሱን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸርቆሌ መስመር አውጥቶ፣ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ አስተማሪዎችን የሼኩን ቤትና ወንዙን ሊያሳያቸው ወደ መንጌ ይወስድ ጀመር። አሁን መንገድ ላይ ኮረብታ ባየ ቁጥር ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ የኮረብታውን ስም ተሳፋሪውን ይጠይቃል።