የባሌ ጉበትና የአክስቱ መድኃኒት

ባሌ መጠጥ ባፉ ዞሮ አያውቅም። ስለዚህ ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ ጉበቱ ተጎድቷል ስትል የተቆጣሁት እኔ ነኝ። የጉበት በሽታ የሰካራም ነው ብዬ ነዋ የማውቀው! እሷ ግን ታግሣ አስረዳችን። ጉበት ሲጎዳ ኢንዛይሙ ወደ ደም ይገባል፤ ደሙ ሲመረመር ይታያል። የባሌ ከልክ በላይ ነበር። ሄፓታይተስ እንደሌለበትም ያው ደሙ ተናገረ። የሚወስደው መድኃኒት፣ የባህልም ቢሆን፣ እንዳለ ጠየቀችው። ዓይኑን በጨው አጥቦ የለም አላት።

ደሙ ሲደገም ጭራሽ ብሶ ተገኘ። እንግዲህ ከጉበቱ በመርፌ ቆንጥረን እንየው ተባለ። እኔን እህል አልወርድ አለኝ።

ቅዳሜ አስቤዛ ላስገባ የመኪናውን ትራንክ ስከፍት አንድ ቴርሞስና የተከተፈ ሥር የሞላው ከረጢት አገኘሁ። ቴርሞሱን ባሸተው ሽታው ራሱ ይመርራል። ያን ቀን አፋጥጬ ያዝኩት። ቀኑን ሙሉ ሲታክ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ወገቡን ስለሚያመው፣ አክስቱ ከአገር ቤት የላኩለት መድኃኒት ነው ለካ። ሥሩን የቆረጡት የባህል አዋቂ ታዲያ ለማንም እንዳይናገር አስጠንቅቀውታል፤ ለሚስትም ቢሆን።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?” አልኩት።

“ከተወራ ይረክሳላ” አለኝ።

“ይርከስ! አንተ ከምትሞትብኝ ይርከስ።”

ሰኞ ከረጢቱንም እሱንም ይዤ ሐኪሟ ፊት ቀረብኩ። አልተቆጣችም። ሥሩን ዛሬውኑ እንዲያቆም፣ መርፌው ለጊዜው እንዲቆይ፣ ደሙ በየጊዜው እንዲታይ አዘዘች። ባሌ ምስጢሬን አወጣሽ ብሎ አኮረፈኝ። ያኩርፋ! በተመረመረ ቁጥር ኢንዛይሙ እየወረደ መጣ፣ ኩርፊያውም አብሮ።

የመጨረሻውን ውጤት የሰማነው ሬኒየር ቫሊ ሰፈር አንድ ሱቅ ደጃፍ ፓርክ አድርገን ነው። ሐኪሟ ራሷ ኮል አደረገች። ጉበቱ ድኗል፣ መርፌ አያስፈልገውም አለችን። እልልታዬን አቀለጥኩት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ይይ፣ ምን አገባኝ! ባሌ መሪውን እንደያዘ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

“ልጆቼን ሳላሳድግ ልሞት ነው ብዬ ነበር” አለኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አንገቱን አቅፌ ሳምኩት።

“ገና አሳድገህ ትድራቸዋለህ” አልኩት። “በል አሁን ንዳ።”